«ለታማሚ ፊት አትስጪ» ይሉኛል፤ ልቀየር?

ጥያቄ፦

ነርስ ነኝ፤ ከተመረቅኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራው የውስጥ ደዌ ዋርድ ነው። ታማሚ ሲጨንቀው ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፣ እጁን እይዛለሁ፣ የማደርግለትን ሁሉ እየነገርኩት ነው የምሠራው። ታማሚዎቹ ይወዱኛል። ባልደረቦቼ ግን ሙድ ይይዙብኛል። «አንቺ ፊት ስትሰጫቸው በኋላ እኛን ያስቸግሩናል» ይሉኛል። «ለታይታ ነው» ያለችም አለች። ባለፈው ደግሞ አንዲት ሲኒየር በርክክብ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺ ወሬ ስትይዢ ሥራው እኛ ላይ ይከመራል» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። አሁን ታማሚ አጠገብ ቁጭ ስል ማን አየኝ እያልኩ በር በሩን አያለሁ። እንደ እነሱ ልቤን ላደንድን? ወይስ ሙያው ለእኔ አይደለም?

መልስ፦

እህቴ፣ አትደንድኚ። ሙያውም ያንቺ ነው። ይህን የምልሽ ስላሳዘንሽኝ ብቻ አይደለም። ብዙ ዘመን ዋርድ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ኋላም ተማሪ ነርሶችን አሠልጥኛለሁ። ባልደረቦችሽ እንደ ትርፍ ነገር የሚያዩት ይህ አመልሽ ከነርስ ሥራ ዋናው እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገር ግን ከሰማሽው ወቀሳ ውስጥ ጆሮ ልትሰጪው የሚገባ ነገርም አለ። እሱን ከሐሜቱ ለይተን ካላወጣነው ወይ ሁሉንም እውነት ብለሽ ትውጪዋለሽ፣ ወይ ሁሉንም ምቀኝነት ብለሽ ትጥዪዋለሽ። በሁለቱም ትጎጂያለሽ። ስለዚህ የተባልሽውን እየለየን እንየው።

«ለታይታ ነው» የሚለውን ቶሎ እንለፈው። የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ያየ የለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መጋረጃ ተስቦ፣ ማንም በሌለበት፣ ራሳቸውን ለማያውቁ አዛውንት አፋቸውን በእርጥብ ጋዝ ስትጠርጊላቸው «አባባ፣ አፍዎን ላረጥብልዎ ነው» ትያለሽ? የምትዪ ከሆነ ነገሩ አለቀ። መልሱን ታውቂዋለሽ። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አትከራከሪ፤ ክርክሩ ማብቂያ የለውም።

«ፊት ስትሰጫቸው ያስቸግሩናል» የሚለው ግን ሊፈተን የሚችል ነገር ነው። ተፈትኗልም። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ በበርካታ ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። ነርሶቹ ታማሚው እስኪጠራቸው አይጠብቁም። በየሰዓቱ ራሳቸው እየሄዱ ሕመም እንዳለው፣ ሽንት ቤት እንደሚፈልግ፣ አተኛኘቱ እንደተመቸው ይጠይቃሉ፤ ውኃው፣ ስልኩና ደወሉ እጁ የሚደርስበት መሆኑን ያያሉ። የደወሉ ጥሪ ጨመረ? አልጨመረም፤ ቀነሰ። ከአልጋ መውደቅም ቀነሰ። ታማሚው ደጋግሞ የሚደውለው ፊት ስለተሰጠው አይደለም። የሚመጣለት ሰው መኖሩን ስላላመነ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። በስትሮክ ግራ ጎናቸው የደከመ አንድ አባት ተኝተው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ይደውላሉ። ስንሄድ «ትራሴን አስተካክሉልኝ» ይላሉ። ገና ከመመለሳችን ደግሞ «መብራቱን አጥፉልኝ» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው «አብሩልኝ» ይላሉ። በዋርዱ «አስቸጋሪው» የሚል ስም ወጣላቸው። አንዲት ነርስ አንድ ሌሊት ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባባ፣ እንቅልፍ የነሳዎ ምንድን ነው?» አለቻቸው። ዝም አሉ። እሷም አልተነሳችም፤ ዝም ብላ ጠበቀች። በመጨረሻ በቀኝ እጃቸው ወደ ግራ ኮመዲኖው ጠቆሙ። ሽንት መሽኛው ዕቃ የተቀመጠው እዚያ ነው፤ በማይታዘዛቸው እጅ በኩል። ልጃቸው የምትሆነውን ሴት «ሽንቴ መጣ» ማለት አሳፍሯቸው ኖሯል። ትራስ የሚሉት፣ መብራት የሚሉት ለዚያ ነው፤ አንዷ ራሷ አይታ ብታቀብላቸው ብለው። ነርሷ ዕቃውን ወደ ቀኝ አዛወረችው። መጋረጃውን ሳበች፣ ደወሉን እጃቸው ላይ አስያዘቻቸውና ወጣች። ቻርቱ ላይም ጻፈችው። ከዚያ በኋላ እኒያ ሰው ሌሊቱን መተኛት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢ። እኒያ አባት አንድ ሌሊት ኀፍረታቸው በዝቶ በራሳቸው ለመነሳት ቢሞክሩ ይወድቁ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ከሚደርሱ አወዳደቆች ብዙዎቹ ሽንት ቤት ለመሄድ ሲሞከር የሚደርሱ ናቸው። ያቺ ነርስ የተቀመጠችበት ጊዜ የሚቆጠረው ከሥራዋ ጋር ነው፤ ዳሌ ሰብሮ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከሚያደርስ አደጋ ጠብቃቸዋለች።

ለዚህም ነው «ርኅራኄ» ሲባል ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጨመር ነገር ከሚመስላቸው ሰዎች ጋር የማልስማማው። ታማሚ የሚያምነው ሰው ሲያገኝ የሚናገረው ሌላ ነው። መድኃኒቱን ካቆመ ሳምንት እንደሆነው ይናገራል። ምን ያህል እንደሚጠጣ ይናገራል። ነገ ቀዶ ሕክምና የምትገባ እናት «ፈራሁ» ስትልሽ «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» ብለሽ ልታልፊ ትችያለሽ። ወይም «ከሁሉ በላይ የሚያስፈራሽ ምኑ ነው?» ብለሽ ልትጠይቂ ትችያለሽ። ስትጠይቂያት «እህቴ ማደንዘዣ ተሰጥቷት በዚያው ቀረች» ካለችሽ የሰማሽው ወሬ አይደለም። አንዳንድ የማደንዘዣ መድኃኒቶች ሲሰጡ የሰውነት ሙቀትን በድንገት ወደ አደገኛ ደረጃ የሚያደርስ፣ በዘር የሚተላለፍ ችግር አለ። ይህን የማደንዘዣ ባለሙያው በዚያው ሰዓት ማወቅ አለበት። ምናልባት ፎርሙ ላይ «በቤተሰብ ችግር አለ?» ለሚለው ጥያቄ «የለም» ተብሎ ተሞልቶ ይሆናል፤ በጥድፊያ፣ ቆሞ፣ በር ላይ ሆኖ የተጠየቀ ጥያቄ ነበርና።

አሁን ወደ ሲኒየሯ ቃል እንምጣ። «ሥራው እኛ ላይ ይከመራል።»

አነጋገሯ ልክ አይደለም። ቦታውም ልክ አይደለም፤ ርክክብ የታማሚ ጉዳይ የሚተላለፍበት እንጂ ሰው በአደባባይ የሚዋረድበት አይደለም። ሐሳቡ ግን ሊመረመር ይገባዋል። እውነት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። አንቺ ብቻ ነሽ የምታጣሪው።

መጀመሪያ ጊዜን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልንገርሽ። መቀመጥ ብዙ ጊዜ ይወስዳል ብለን እናስባለን። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተሠራ አንድ አነስተኛ ጥናት አለ። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 120 ታማሚዎች ተካተውበታል። ሐኪሙ ከፊሎቹን ቆሞ፣ ከፊሎቹን ተቀምጦ አነጋገራቸው። የተቀመጠው ሲለካ ከአንድ ደቂቃ እምብዛም አላለፈም፤ እንዲያውም ከቆመው አጠር ያለ ነበር። ታማሚዎቹ ሲጠየቁ ግን የተቀመጠላቸው አምስት ደቂቃ ያህል የቆየ መሰላቸው። የሰውን ልብ የሚሞላው የሰዓቱ ርዝመት አይደለም። ዓይን ለዓይን የሚገናኝበት ከፍታ ላይ መሆን፣ እጅሽ ከሌላ ሥራ ማረፉ፣ በር በሩን አለማየትሽ ነው። አንቺ አሁን በር በሩን ማየት ጀምሬአለሁ ብለሻል። ይህ ከሁሉም በላይ አሳሰበኝ፤ ምክንያቱም እንዲህ ሆነሽ አሥር ደቂቃ ከምትቀመጪ ልብሽ እዚያው ሆኖ ሁለት ደቂቃ ብትቀመጪ ለታማሚው ይሻለዋል።

ቀጥሎ ራስሽን በእውነት ጠይቂ። አንዷ ጋ ስትቀመጪ የሌሎቹ አንቲባዮቲክ ሰዓቱ አልፎ ያውቃል? ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ ትንፋሽ) ሳይለካ፣ ድሪፕ አልቆ ሳይቀየር፣ መገላበጥ ያለበት ሰው ሳይገላበጥ ቀርቶ ያውቃል? ከሆነ ሲኒየሯ ልክ ናት። በሰዓቱ መድኃኒት ያላገኘው ሰው ደግ ነርስ አላገኘም። ደግነት የሚያይሽና የሚያመሰግንሽ ታማሚ ብቻ የሚያገኘው መሆን የለበትም። በሌላኛው ጥግ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛውም ያንቺ ነው።

ሌላ የሚያከራክር ነገር አለ፤ ቃል መግባት። «በፈለጉት ሰዓት ይደውሉ፣ ወዲያው እንመጣለን» ብለሽ ትወጫለሽ። ሌሊት የምትገባው ልጅ ግን ዋርዱን የያዘችው ብቻዋን ነው። ታማሚው ደውሎ ስትዘገይ «የቀኗ ልጅ እኮ ወዲያው ትመጣለች» ይላታል። ይህ ያቃጥላል። አንቺ በሌላው ሺፍት ስም ቃል ገብተሻል። ቃል ግቢ፤ ግን በራስሽ ስም፣ በሰዓት የተወሰነና የምትፈጽሚውን። «አሁን መድኃኒት አድላለሁ። ሲያልቅ፣ አራት ሰዓት አካባቢ፣ ተመልሼ አይዎታለሁ።» ከዚያ አራት ሰዓት ላይ ብቅ ትያለሽ፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ይህች አንዲት ልማድ ከረጅም ወሬ የበለጠ ታረጋጋለች። የት እንዳለሽና መቼ እንደምትመለሺ የሚያውቅ ሰው አይደውልም።

ደግሞም አንድ የማይወራ ነገር ላንሳ። ርኅራኄያችን ደስ ወደሚል ሰው ያዘነብላል። ወደሚያመሰግን፣ ወደሚመርቅ፣ ጨዋታ ወደሚያውቅ። በዚህ ሳምንት ማን አጠገብ እንደተቀመጥሽ አስታውሺ። የሚሳደበው ሰው አጠገብ ተቀምጠሽ ነበር? ቁስሉ የሚሸተው፣ ሰክሮ የመጣው፣ ጠያቂ የሌለው? ባልደረቦችሽ በቃል ባይሉትም ምናልባት ይህን አይተው ሊሆን ይችላል። አስቸጋሪው ታማሚ ለእነሱ ከቀረና የሚወደደው ላንቺ ከሆነ ቅሬታቸው ይገባኛል። ከሚቀጥለው ሺፍት ጀምሮ ሁሉም የሚሸሸውን ሰው አንቺ ውሰጂ። እኔ እይዛቸዋለሁ በይ። ከማንኛውም ማስረጃ በላይ ይህ ይናገርልሻል።

እስካሁን ያልኩት አንቺን የሚመለከት ነው። አሁን ስለ እነሱ ልንገርሽ። ይህን ካልተረዳሽ «እኔ ደግ፣ እነሱ ጨካኝ» ወደሚል ሐሳብ ትገቢያለሽ፤ ያ ደግሞ አብሮ መሥራትን ይገድላል።

ነርሶች ለምን ይደነድናሉ? ኢዛቤል ሜንዚስ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ በአንድ የለንደን ሆስፒታል የነርሶችን አሠራር አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመችው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ያየችው ይህን ነው፤ ሥራው በየዕለቱ ከሞት፣ ከስቃይና ከሰው ገላ ጋር ያገናኛል። ይህ የሚፈጥረው ጭንቀት ከባድ ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ ሳያውቀው ከጭንቀቱ የሚሸሽበትን አሠራር ዘርግቷል። ነርሷ ከአንድ ታማሚ ጋር እንዳትቀራረብ ሥራው በቁርጥራጭ ይከፋፈላል፤ አንዷ ሙቀት ትለካለች፣ ሌላዋ አልጋ ታነጥፋለች። ታማሚው በስሙ መጠራቱ ይቀርና «አልጋ አሥር ጉበቱ» ይሆናል። ስሜቷን ያልገለጸች ጥሩ ነርስ ትባላለች። ይህ ሁሉ የተሠራው ሰውን ከሕመም ለመከላከል ነው። ግን መከላከያው ጭንቀቱን አያጠፋውም፤ ሥራውን ግን ጣዕም ያሳጣዋል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት የእንግሊዝ ሆስፒታል ነርሶች ስለ መጨረሻው ሺፍታቸው ተጠይቀው ነበር። 86 ከመቶዎቹ በጊዜ እጥረት ቢያንስ አንድ ሥራ ሳይሠሩ መውጣታቸውን ተናገሩ። ከሁሉም በላይ ሳይሠራ የቀረው ምን መሰለሽ? ታማሚን ማጽናናትና ማነጋገር ነው። 66 ከመቶዎቹ ይህንኑ ነው የጠቀሱት። መርፌው ይወጋል፣ ቻርቱ ይሞላል፣ ማነጋገሩ ይቀራል። ሲቀርም የሚጠይቅ የለም።

እነዚያ ነርሶች ደንታ ቢስ ሆነው አይደለም። ብዙዎቹ እንዳንቺ ነው የጀመሩት። ትክክለኛውን እያወቁ ማድረግ አለመቻል ሰውን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ስለዚህ አንቺ ወንበር ስበሽ ስትቀመጪ ሲኒየሯ የምታየው አንቺን ብቻ ላይሆን ይችላል። እሷ ያቆመችውን ነገር ነው የምታየው። «ወሬ» ያለችውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ስሙን ካሳነሱት መተዉ ያን ያህል አያምም። ይህ አነጋገሯን ትክክል አያደርገውም። ግን እንዴት እንደምትመልሺላት ይወስናል።

እንዴት ትመልሺላት? በርክክብ መሐል አይደለም። ሰው ፊት ከመለስሽ ሁለታችሁም ለተመልካች ትናገራላችሁ። ሥራው ጋብ ሲል፣ ብቻዋን ስታገኚያት፣ እንዲህ በያት፤ «ሲስተር፣ ያን ዕለት ሥራ ይከመርብናል ያልሽኝን አስቤበታለሁ። የትኛው ሥራ እንደተረፈብሽ ንገሪኝ፤ ላስተካክለው እፈልጋለሁ። ግን እንዲህ ያለውን ነገር ሌላ ጊዜ ለብቻዬ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል።» ከዚያ ዝም በይ። ተጨባጭ ነገር ከነገረችሽ ተቀበዪ፤ «የማክሰኞው ድሪፕ» ካለችሽ ልክ ነሽ በያትና አስተካክዪ። ተጨባጭ ነገር ካጣች እሷም ያንን ትሰማዋለች። ምንም መጨመር አያስፈልግሽም።

ዓይን ለሚያገላብጡና ከንፈር ለሚመጡት ደግሞ የተዘጋጀ ቃል ይኑርሽ። ማርታ ግሪፊን የተባለች ነርስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመችው ሥራ አዲስ ነርሶችን ይህንኑ አሠልጥና ነበር። ባልደረባ ሲያሾፍ ወይም ሲያኮርፍ የሚባሉ አጫጭር መልሶችን በካርድ ጽፋ ከመታወቂያ ባጃቸው ጋር እንዲይዙ ሰጠቻቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰው ሲደነግጥ ቃል ይጠፋዋል፣ አስቀድሞ የተለማመደ ግን አይጠፋውም። በእኛ አነጋገር «ፊትሽ ላይ ያየሁት ነገር አለ። ልትነግሪኝ የፈለግሽው ካለ በቀጥታ ንገሪኝ፤ አልቀየምም» ማለት ይበቃል። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ቁጣ ሳይኖርበት። ቤትሽ ሆነሽ ጮክ ብለሽ ተለማመጂው፤ አፍሽ ይልመደው።

አሁን ከሁሉም ይልቅ ልነግርሽ ወደፈለግኩት እመጣለሁ። ርኅራኄሽን የግል አመልሽ አድርገሽ አትያዢው፤ የዋርዱ አሠራር እንዲሆን አውጪው። ያንቺ ብቻ ሆኖ ከቀረ ሺፍትሽ ሲያልቅ አብሮሽ ይወጣል፤ ታማሚው ማታ ከማያውቀው ሰው ጋር ይቀራል፤ ባልደረቦችሽም «የእሷ ታማሚ» ይሉታል። መውጫው ርክክብና ቻርት ነው። አጠገባቸው ተቀምጠሽ ያገኘሽውን ነገር ለሥራ በሚሆን ቋንቋ አስተላልፊ። «ያሳዝናሉ፣ ጨንቋቸዋል» አትበዪ፤ ማንም ምንም አያደርግበትም። ይልቅ እንዲህ በዪ፤ «ሌሊት የሚነሱት ትንፋሽ አጥሯቸው አይደለም፤ ኦክስጅን መጠናቸው ደህና ነው። ብቻዬን እሞታለሁ ብለው ነው የሚፈሩት። መጋረጃው ገርበብ ብሎ የነርሶች ጠረጴዛ ሲታያቸው ይተኛሉ።» ይህንን የሰማች ተረኛ መጋረጃውን ገርበብ ታደርጋለች፤ ደወሉ ይቀንስላታል። ሌሊቱ የቀለላት ያንቺ ቁጭ ማለት ባመጣው ወሬ ነው። «ወሬ» የተባለው ነገር ሲጠቅማቸው ያዩታል፤ አንቺ መከራከር ሳያስፈልግሽ።

ለባልደረቦችሽም ያው ልብ ይኑርሽ። ከባድ ታማሚ ሊገለበጥ ሲል ሳይጠሩሽ «ልያዝልሽ» ብለሽ ድረሺ። ሲኒየሯ በተከታታይ ሌሊት ገብታ ዓይኗ ሲቀላ አይተሽ «ትንሽ አረፍ በይ፣ እኔ አያለሁ» ብለሻት ታውቂያለሽ? ለታማሚ የምንሰጠውን ርኅራኄ አጠገባችን ለቆመችው ሴት መንፈግ ቀላል ነው።

ከዋርድ አልፎ ሆስፒታልም ይህን መሥራት ይችላል። ኬኔት ሽዋርትዝ የተባለ የቦስተን ጠበቃ ነበር፤ ገና በ40 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በሳንባ ካንሰር ሞተ። ከመሞቱ በፊት ያለፈበትን ጽፎ አሳትሟል። ለቀዶ ሕክምና ሊመዘገብ ሲሄድ የተቀበለችው ነርስ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበረች። ምን እንደያዘው ሲነግራት ግን እጁን ያዘችው፤ ስለ ትንሹ ልጁ አወሩ። በማግስቱ ወደ ቀዶ ሕክምና ከመግባቱ በፊት፣ ክፍሏ ባይሆንም፣ መጥታ ጎበኘችው። ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም። እሱ ግን የማይቻለውን ያስቻሉት እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች መሆናቸውን ጻፈ። በስሙ ከተቋቋመው ማዕከል የወጣ አንድ ልማድ እ.ኤ.አ. በ1997 በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተጀምሮ ብዙ አገር ደርሷል፤ ሐኪሙም ነርሱም የጽዳት ሠራተኛውም ተሰብስቦ ሥራው ልቡ ላይ ስለሚያሳድረው የሚነጋገርበት ጊዜ ነው። ስለ ምርመራና ስለ መድኃኒት አይወራም። ሄድ ነርሳችሁ (የዋርዱ ነርሶች ኃላፊ) የምትቀርብ ከሆነች በወር አንድ ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ ለዚህ እንድትሰጣችሁ ጠይቂ። ይህ ከበዛ ደግሞ ከዚህም ያነሰ አለ። ጆናታን ባርተልስ የተባለ አሜሪካዊ ነርስ ታማሚ ሲሞት ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆመው ለሞተው ሰውም ለደከሙት ባለሙያዎችም በዝምታ ክብር እንዲሰጡ አስጀምሯል። ምንም በጀት አያስፈልገውም።

ስለ ራስሽም ትንሽ ልበል። ቤት ገብተሽ ማልቀስሽ ችግር አይደለም። የሚያሠጋው የታማሚውን ሕመም እንደ ራስሽ ሕመም ተሸክመሽ መኖር ነው። ታንያ ሲንገርና ኦልጋ ክሊሜኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለቱን ለይተው አጥንተዋል። የሌላውን ሥቃይ እንደ ራስ መሰማት ብቻውን ሲሠለጠን ሰውን ያስጨንቃል፣ ያደክማል። ለዚያ ሰው መልካም መመኘትና ለመርዳት መነሳት ሲሠለጠን ግን ደህና ስሜት ይጨምራል፤ አንጎል ውስጥ የሚሠራውም ክፍል ሌላ ነው። ስለዚህ አጠገባቸው ስትቀመጪ ራስሽን «አሁን ለዚህ ሰው ምን ላድርግ?» ብለሽ ጠይቂ፤ አድርጊውና ተነሺ። ስልክ ቁጥርሽን አትስጪ። ገንዘብና ስጦታ አትቀበዪ። «ለማንም እንዳትነግሪ» ሲሉሽ አስቀድመሽ «ለደኅንነትዎ የሚያስፈልግ ከሆነ ለሚያክሙዎ እነግራለሁ» በያቸው። ርኅራኄሽ ያለ ድንበር ከሆነ ሙያው ላይ ብዙ አትዘልቂም።

ነገሩ ከሐሜት አልፎ ሲገኝ ግን ሌላ ነው። መረጃ ከደበቁብሽ፣ ታማሚ ለማንሳት ስትጠሪያቸው ሆን ብለው ከቀሩ፣ የሥራ ፕሮግራምሽን ለቅጣት ካዛቡብሽ፣ ይህ ታማሚውን የሚጎዳ በደል ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሆነውን ብቻ ጻፊ፤ ስለ ሰዎቹ ጠባይ አትጻፊ። ለሄድ ነርሷ በታማሚ ደኅንነት ጉዳይነት አቅርቢው። እሷ ካልሰማች ከበላይዋ ጋ ሂጂ።

ይህን ሁሉ ሞክረሽ ለወራት ምንም ካልተለወጠስ? ሙያውን ሳይሆን ዋርዱን ቀይሪ። በሽታው ለማይድን ታማሚ እንክብካቤ የሚሰጥበት ክፍል፣ የካንሰር ክፍል፣ የሕፃናት ክፍል አንዳንዴ ከሌላው የተለየ ልማድ አላቸው፤ ግን በስም ብቻ አትመኚ። ልትሄጂ ወዳሰብሽበት ክፍል አንድ ቀን ቀደም ብለሽ ሄደሽ ርክክባቸውን ቆመሽ አዳምጪ። ታማሚዎቹን በስማቸው ነው ወይስ በአልጋ ቁጥር የሚጠሯቸው? ከመካከላቸው አዲሷ ነርስ ጥያቄ ስትጠይቅ ምን ብለው ይመልሱላታል?